ለመንገደኛ የተደበቀ መርዶ

መውጣታችንንና መግባታችንን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ዘመናትን በእጁ የያዘ አምላክ፣ ከማይገባ ቃል አንደበቴን ይጠብቅ፤ የእናቱም ምልጃ አይለየን።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሠረቀብርሃን የተባለ የኮሌጅ ተማሪ፣ ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ቤታቸው አዲሱን ሙሉ ልብሱን ለሦስተኛ ጊዜ ይለካ ነበር። ጀርመን አገር ሄዶ የድልድይ ሥራ እንዲማር ተመርጧል። ጉዞው ለሐምሌ ተቆርጦ ሳለ ወደ መስከረም መተላለፉን የነገሩት አጎቱ አቶ አካሉ ናቸው። እርሳቸው የመንግሥት ጸሐፊ ስለሆኑ፣ ፓስፖርቱንም፣ የጤና ምርመራውን ውጤትም፣ የቀረውንም ወረቀት ሁሉ የሚከታተሉለት እርሳቸው ነበሩ።

ልብስ ሰፊው ሙክታር ኮቱን ከጀርባው ሰብስቦ በመርፌ ያዘው።

«አንተ ልጅ፣ ልብሱን ባጠበብኩት ቁጥር አብረኸው ትቀንሳለህ! ጀርመኖች ልብሱ ብቻውን መጣ እንዳይሉን» አለ።

«ሐሳብ ነው፣ ጋሽ ሙክታር።»

«ሐሳብማ እኔም አለኝ፤ ሆዴን ግን አየኸው?»

ሠረቀብርሃን ሳቀ። ዘወር ሲል ግን፣ ታላቅ እኅቱ የማርያምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ስትገባ አያት።

ያሳሰቡት እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ «ሱባኤ ልግባ» ብለው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ ወር ሊሞላቸው ነው፣ አልተመለሱም። ልጁ «ልሂድና ልያት» ባለ ቁጥር የቤቱ ሰው ሁሉ ቃሉን ከአፉ ይቀማዋል። ሱባኤ የገባ ሰው አይነጋገርም ይሉታል። ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ብርድ ይመታሃል ይሉታል።

ሌላም ነገር ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሊስሙት ሲጠጉ አንገቱን አቅፈው ቶሎ አይለቁትም። እርሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። በጾም ነገር ለማንም የማይመለሱት የንስሐ አባታቸው እንኳ፣ «መንገደኛ ነህና ወተት ጠጣ» ብለው ፈቀዱለት፤ ሲባርኩትም እጃቸው ከራሱ ላይ ብዙ ቆየ።

ሠረቀብርሃን የአገሩን ልማድ ያውቃል። ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ልቡ እንዳይሰበር፣ ጉዞውም እንዳይሰናከል፣ ዘመድ ሁሉ ይማማላል፤ ቀብሮ መጥቶ በፊቱ ይስቃል። ሐዘንተኛው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ነው።

እንግዲህ እናቱን አፈር አልብሰው እርሱን በፈገግታ ሊሸኙት ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞቱ፣ ያሳደጉት እናቱ ብቻ ናቸው። ያለ ምርቃታቸው ባሕር ላይሻገር በልቡ ቆረጠ።

ከቀትር በኋላ አጎቱ ሲመጡ በር ላይ ያዛቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እማዬ ሞታለች?»

«ምን አፍ ነው ይህ! እኅቴ በሕይወት አለች፤ ማርያምን!»

«ታዲያ ሁላችሁም ለምን ታለቅሳላችሁ?»

አቶ አካሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ልትለየን ነው፤ ምን እናድርግ? እንዝፈን?» አሉ።

«እንግዲያው ነገ ወጥቼ አያታለሁ።»

«አይሆንም!» ብለው ጮኹ። «እግርህ ያንን ዳገት እንዳይረግጥ!»

ሠረቀብርሃን ከመሐላው ይልቅ ጩኸቱን አመነ።

በማግሥቱ ጠዋት እኅቱ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ጠብቆ፣ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከባሕር ዛፉ ግን ጠብታው ገና አላቋረጠም። በየመታጠፊያው እየተቀመጠ ወጣ። የማገዶ ሸክም ያጎበጣቸው አንዲት አሮጊት ከኋላው መጥተው አለፉት፤ አልፈውም ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ እንጨት ቀደምኩህ። አንተ ምን ተሸክመህ ነው?»

«ሐዘን፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ቀትር ሆኗል። የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳልሞ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደ። አዲስ የተቆፈረ አፈር ፈለገ። ሁለት አገኘ፤ ጠባቂውን ቢጠይቅ፣ አንዱ የአንድ ሽማግሌ ካህን፣ ሌላው የሕፃን ነው አለው። ሌላ አልነበረም። ግራ ተጋብቶ ቅጥሩን ሲዞር፣ ከምዕራቡ ደጅ ፊት አንዲት ሴት ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፣ በእርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክከው አየ።

እናቱ ነበሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

የከረመበት ፍርሃት ሁሉ ከላዩ ወረደ። እናቱ አሉ፤ ምርቃቱን ተቀብሎ በመስከረም ይሄዳል። ሮጦ ሊደርስ ሲል ትንፋሽ አጠረውና ከጎናቸው ወደቀ። እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

«እማዬ! ሲደብቁኝ ከረሙ! እኔ ግን መርዶውን ከፊታቸው ላይ አንብቤው ነበር!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ድንጋዩን ከአንገታቸው ጣሉ። የከሳ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወይኔ ልጄ፣ ሐኪሙ የነገረንን የራስህን መርዶ ከማን ፊት ላይ አነበብኸው?»

ለሰማችሁ ሁሉ ዕድሜን ከጤና ጋር ያድላችሁ፤ ከወጣችሁበትም መንገድ በሰላም ይመልሳችሁ፤ አሜን።