ሦስተኛው ወረቀት

የምርጫ ድምፅ በሚሰጥበት መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ኤላይሻ አሳሄልን ክንዱን ይዞ አስቆመው። እንዲህ ደፍሮት አያውቅም። ከሜሪላንድ ባርነት አምልጦ ኒው ዮርክ የገባ ጊዜ፣ አሳዳጆቹ መንደሩን ሲያስሱ፣ ድርቆሽ ውስጥ ደብቆ ያተረፈው ይህ ገበሬ ነው።

“ወንድም አሳሄል፣ ዛሬን ብቻ እሺ በለኝ።”

አሳሄል ነገሩ ገባው። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት ያቀረቧቸው ሰዎች ሁለቱም ባሪያ አሳዳሪዎች ናቸው። አንደኛው ገና ለብቻዋ አገር የሆነችውን ቴክሳስን ካገሩ ጋር ካልቀላቀልኩ ይላል፤ ሌላው አይቸኩልም። አሳሄልና ጓደኞቹ ከዚህኛው ሰው ፓርቲ ተገንጥለው ባርነት ይቅር የሚል ሦስተኛ ፓርቲ አቁመዋል። እንደማያሸንፉ ራሳቸውም ያውቁታል።

ኤላይሻ የሰማውን ነገረው። ልጁ ዲሊ እዚያው ሜሪላንድ ቀርታለች። ጌታዋ ቴክሳስ ከተቀላቀለች ባሮቹን ሁሉ ይዞ ወደዚያ ሊወርድ ቆርጧል። ከሜሪላንድ ያመለጠ ሰው በእግሩ እዚህ ይደርሳል። ከቴክሳስ አምልጦ የመጣ ግን ኤላይሻ አይቶ አያውቅም።

“እናንተ ስትነጠሉ የሚያሸንፈው ያ የቴክሳሱ ሰውዬ ነው። ድምፅህን ለሌላው ስጠው” አለው።

አሳሄል አንገቱን ደፋ። ሰው የሚገዛና የሚሸጥ ላለመምረጥ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መማሉን፣ በዚህ የተነሳ ከገዛ ወንድሙ ጋር መቆራረጡን ተናገረ። “አንተ ፊቴ ቆመህ እንዴት ብዬ ነው የባሪያ ጌታ የምመርጠው?”

“እኔ ብሆን እመርጠው ነበር።”

አሳሄል ቀና ብሎ አየው። ኤላይሻ አይመርጥም፤ ሕጉ ከጥቁር መራጭ ብቻ የሚጠይቀው መሬት የለውም።

“ጀርባዬን የገረፈኝ ሰውዬ ራሱ ቢሆን እንኳ እመርጠው ነበር” አለ ኤላይሻ።

አሳሄል ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ገባ። ኤላይሻ በተከፈተው በር አሻግሮ ያየዋል። አሳሄል ከኮቱ ኪስ የራሱ ፓርቲ ያሳተመውን የምርጫ ወረቀት አወጣና ይዞት ቆመ፤ አስመራጩ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሰጠው። ያን ጊዜ ቴክሳስ ትቀላቀል የሚሉት ሰዎች እየሳቁ አጨበጨቡለት።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ለዲሊ እንደሚጸልይላት ነገረው። ኤላይሻ አመሰገነው።

ከቁልቁለቱ በኩል ድምፅ ሊሰጡ የሚመጡትን የአሳሄልን ጓደኞች የጫነ ጋሪ ብቅ አለ። ኤላይሻ ባርኔጣውን አወለቀና በጭቃው ውስጥ ወደ እነሱ መሮጥ ጀመረ።