ክዳኑ ሥር
የተመራማሪዋ አለቃ በሙቀት የለሰለሰችውን ቀጭን ፕላስቲክ አጣጥፎ አጣጥፎ በረዶ ውስጥ አጠነከራት። «ሙቀት ሲነካት ወደ ቀድሞ ቅርጿ ትመለሳለች አልሽ አይደል? በይ እስቲ አስነሻት!» ተመራማሪዋ የፕላስቲኳን አንድ ጫፍ ምድጃ ላይ በተጣደ የመስታወት ማሰሮ ወለል ላይ በመቆንጠጫ አስራ ሙቅ ውሃ ሞላችበት፤ ማሰሮውን ከድናም ምድጃውን ለኮሰች።

ፕላስቲኳ መዘርጋት ጀመረችና ግማሽ ላይ ቆመች። «አላልኩሽም? ጥናትሽ አበቃለት!» ብሎ ምድጃውን ሊያጠፋ ሲል ማብሪያው ላይ እጇን ጫነችበት። ቴርሞሜትሩን አየች፤ ውሃው በርዷል። አለቃዋ ልይ ብሎ ያነሳው ክዳን አሁንም እጁ ላይ ነበር።

«ያበረዱት እርስዎ ነዎት» አለችና ክዳኑን ከእጁ ነጥቃ ከደነችው። ውሃው እየጋለ ሲሄድ ፕላስቲኳ ቀስ በቀስ ቀና አለች፤ ቀና ብላ ብላ ክዳኑን ከሥር አንኳኳች።

«ይክፈቱላት እንጂ፣ ጋሼ!»