ጭብጨባው የእኛ ይሁን

«ዳነች ወይ?» አለች አንደኛዋ።

«ድናለች። እብጠቱ ጠፍቷል፤ አንገቷ የልጅ አንገት መስሏል። ድምጿ ግን አልተመለሰም። ከጓሮ ሆና ልጆቿን ብትጣራ አይሰሟትም።»

«ታዲያ እንዴት ትጠራቸዋለች?»

«ታጨበጭባለች።»

ከሻንቶ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በወላይትኛ ሲያወሩ። ዘመኑ ርቋል። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላወቅሁም፤ ከዚያ በኋላ የተባባሉትም ጠፍቶብኛል፤ ስቀው ይሆናል እንጃ። ዛሬ ሔርሜላ ማይኩ ፊት ቆማ ሻርፗን ስትፈታ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ተመልሳ መጣች።

ዝናቡ አባርቷል። የምንቀዳው ቆርቆሮው ጸጥ ሲል ነው። ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ያለችውን ይህችን የመቅጃ ክፍል ግድግዳዋን በስፖንጅና በብርድ ልብስ ሸፍኛታለሁ፤ ጣሪያዋን ግን አልቻልኩትም። በነሐሴ የሥራችን ግማሹ ዝናብ መጠበቅ ነው።

«ጋሽ መክብብ፣ ከመጀመሪያው» ትላለች።

«ከመጀመሪያው።»

ዘፈኑን የደረሰችው ራሷ ናት፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ዘፈን ነው። አንዲት ልጅ ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥታ በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶቿን ለበዓሉ ትጣራለች። ጥሪው ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ መውጣት አለበት። አምና በስልኳ ቀድታ ቲክቶክ ላይ የለቀቀችው ይህንኑ ጥሪ ነበር፤ ዘንድሮ ለበዓሉ መድረክ የተጠራችውም በእሱ ነው። እንቅርቷን ለመሸፈን የጠመጠመችውን ቀይ ሻርፕ የሶዶ ልጃገረዶች ፋሽን መስሏቸው መጠምጠም ጀምረዋል። ዘፈኗን ከሚያደንቀው ሰው ይልቅ «ሻርፑን የት ገዛሽው?» የሚላት ይበዛል። አትመልስላቸውም።

ሐኪሙ እንቅርቱ መተንፈሻዋን እየተጫነው ስለሆነ መውጣት አለበት ብሏታል። ሰኞ ለቀዶ ሕክምናው አልጋ አለ። ድምፄስ ብትለው አልዋሻትም፤ የድምፁ ነርቭ እዚያው ሥር ነው፣ እንጠነቀቃለን፣ ቃል ግን አልገባልሽም አላት። እሷ ደግሞ ጊፋታ ይለፍ ትላለች። ከዚህ በፊት ፋሲካ ይለፍ ብላ ነበር። ፈጠነች የምትባለው እናቷ ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው ዘፈን ልትሰማ አይደለም፤ ልጇን ልትለምን ነው።

ጥሪው ይጀምራል፤ መሐል ላይ ይቆረጣል። እንደገና ትጀምራለች፤ እዚያው ቦታ ላይ ያንቃታል።

«ላገጣጥመው?» እላታለሁ። «መነሻውን ከአንዱ፣ መድረሻውን ከሌላው እንወስዳለን። ማንም አያውቅብሽም።»

«መድረክ ላይስ ማን ይገጣጥምልኛል ጋሼ?»

«መድረክ ትላለች!» ትላለች እናቷ ከበርጩማዋ። «ተኝታ ስታፏጭ የምሰማው እኔ ነኝ። ትንፋሿን ስጠብቅ የማነጋው እኔ ነኝ።»

«እማ፣ እየቀዳን ነው።»

«ይቀዳ! ይኸንንም ቲክቶክ ላይ ልቀቂው።»

ሔርሜላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪተዋት ሁለታችንም ወደ መሬት አየን።

ጣሪያው ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አለች፤ ቀጥሎ ሌላ። ፈጠነች ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች፤ ከዚያ ሻርፑን ከልጇ እጅ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። መዝሙር እያለልሽ ዘፈን ምን ያደርግልሻል ስትል የኖረች ሴት ናት።

«ሳይመጣ አንዴ በይው» አለቻት። «እኔም ልስማው።»

ሔርሜላ ዓይኗን ጨፈነች። ድምጿ ተነሣ፤ ወጣ፤ ዳሞታን ዳገት ዳገቱን ያዘ። እኔ በልቤ እመቤቴን እጠራለሁ። ቁልቁል የሚታየው አገር ሁሉ ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው ድምጿ ተበጠሰ። አፏ ግን አልቆመም፤ የቀረውን በባዶ አየር እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ስክሪኑ ላይ ተራራ ሠርቶ የነበረው የድምፅ መስመር ሜዳ ሆኖ ቀረ።

ሄድፎኑን አድርጋ አዳመጠችው።

«ይኼ ይሁን።»

«የተቆረጠው?»

«የተቆረጠው። የኔ እሱ ነው።» ቀጥላ ፊቷን አኮሳተረች። «ይኼን ከሥር ያስገባኸውን የኮምፒዩተር ጭብጨባ ግን አውጣው ጋሼ። ሰው ያለበት አይመስልም።»

«የሚያጨበጭብ ሰው ከየት ላምጣ?»

«ይኸው።» እናቷን በክንዷ ይዛ አስነሣቻት።

«እኔን? አብደሻል እንዴ?»

«አንቺን እማ። ጭብጨባው የእኛ ይሁን።»

ማይኩ አጠገብ ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙ። ፈጠነች መጀመሪያ አፈረች፤ ቀስ በቀስ ግን የልጅነቷ ጊፋታ ወደ እጇ ተመለሰ፤ ምቱን ያዘች፤ ልጇን እየጎተተች ወሰደቻት። የእናትየው መዳፍ በሥራ የሻከረ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ነው። የልጅቷ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል። የሚኒባሱን ወሬ አልነገርኳቸውም። አልነግራቸውምም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ሁሉንም ነገር ዋጠው። ማጨብጨባቸውን ትተው እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀሩ።

የሔርሜላ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ምን አልሽ?» ጮኸች እናቷ። «አልሰማሁሽም!»

ልጅቷ ልትደግመው አፏን ከፈተች፤ ከዝናቡ በላይ የሚወጣ ትንፋሽ አልነበራትም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ሄድፎኑ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ማይኩን አልዘጋሁትም፤ ያለችውን ሰምቻለሁ።

ፈጠነችም ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

እኔ ጮክ ብዬ ነገርኳት፦ «ሰኞ እሄዳለሁ አለች።»