ያልተወቃ ጤፍ

ሸክሙን ፈትቼ የአትክልት መደቡ ላይ ልበትን ስል እጄ ላይ የረገፈው ጭድ አይደለም፤ ጤፍ ነው። ዛላው እንዳለ፣ ፍሬው ሙሉ፣ ገና ያልተወቃ የሰው እህል።

ጭድ ያስፈለገው ለጣሊያኖቹ ለማለማው ሰላጣ ነበር። የጥር ፀሐይ አፈሩን ሰነጣጥቆታል፤ ጧት ያጠጣሁት እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርቃል። ሰላጣው ሲጠወልግ ደግሞ ጅራፉ የሚያርፈው እኔ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ፈንታን፣ «አፈሩን ጭድ እናልብሰው፤ እርጥበቱን ይይዛል» ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ፈንታ የጣሊያኑ መቶ አለቃ አስተርጓሚ ነው። ከከተማው በታች ካለው መንደር፣ ከአራሽ ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ባንዳ ከሆነ ወዲህ ግን ሽቶ ይቀባል፣ ታላላቆቹን አንተ ይላል። ሲጠጋኝ ሽቶው ያጥወለውለኛል።

ፈንታ ሸክሙን አስጭኖ ካመጣቸው አህዮች ኋላ አያ ወልደ ሩፋኤል እያለከለኩ ደረሱ። ከፈንታ አባት ጋር በሬ ተቀናጅተው ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ክምሬን አፈረስከው» አሉት። «የአምናው ጭድ እኮ ከጎኑ ነበር።»

«ጭድ መሰለኝ» አለ ፈንታ። «ክምር ክምር ነው። የገበሬ ነገር ረስቻለሁ።»

«ዓመቱን የምንበላው እሱን ብቻ ነው። ባክህ መልስልኝ።»

መቶ አለቃው መጥቶ በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀ።

«እህል ነው፣ በስህተት መጣ በለው» አልኩት ፈንታን። «ጭዱን እናመጣለን በለው። ምን ይከብድሃል?»

ፈንታ ፈገግ ብሎ ተናገረ። መቶ አለቃው ሳቀና የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ምን አልከው?»

«ሽማግሌው ጭዱን በፈቃዱ አምጥቶ መንግሥትህን ሊመርቅ መጣ አልኩት። በይ አልብሺው!»

እያወቅኩ በተንኩት። ጅራፉን ፈርቼ የሰው ጉሮሮ ላይ ያለ እህል ለሰላጣ አለበስኩ። ፈንታን ብቻ አይደለም፣ የገዛ እጄንም ተጸየፍኩ። አያ ወልደ ሩፋኤል ከኋላዬ ተንበርክከው የረገፈውን በጣታቸው ይለቅማሉ። ጤፍ ከአፈር ተለቅሞ ቁና ሊሞላ ነው?

«አይልፉ አያ» አልኳቸው። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።»

«ተይ የብርጓል» አሉኝ ቀና ብለው። «ቢያውቅ አያደርገውም። አውድማዬ ላይ ነው ያደገው። ተሳስቶ ነው። ማታ ልቡ ሲመለስ መጥቶ ይክሰኛል።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ጥቂት ረገብ አለ። ይቅርታ ልባቸው ውስጥ አዘጋጅተው ጨርሰዋል።

መሀል ላይ አፈሩ ያልተሸፈነ አንድ ቦታ ቀርቶ ኖሮ መቶ አለቃው በዘንጉ አመለከተ። እኔ ዳር ላይ ነኝ፤ ቅርቡ ፈንታ ነው። «ሲ፣ ሲኞር» ብሎ በጣሊያንኛ እሺታውን ሰጥቶ አንድ እቅፍ ጤፍ አነሳ።

ጤፉ ከተነጠፈበት ዳር ሲደርስ ቆመ። እቅፉን በአንድ እጁ ደግፎ ጎንበስ አለ፤ የቦት ጫማውን ማሰሪያ ፈታ። አንዱን አወለቀ፣ ሌላውንም አወለቀ፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ በባዶ እግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ዛላ እንዳይሰብር እየተጠነቀቀ ገባ።

እህል በተነጠፈበት በጫማ አይገባም። ይህ ልማድ ከአራሽ ልጅ ሁሉ እግር ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ጭድ ላይ ግን ማንም ጫማ አያወልቅም።

ፈንታ እቅፉን አልብሶ ሲዞር እኔና አያ ወልደ ሩፋኤል እግሩን ስናይ አየን። ዓይኑ የምናየውን ተከትሎ ወደ ገዛ እግሩ ወረደ፤ ፊቱ ጠቆረ።

አያ ወልደ ሩፋኤል ያንን ባዶ እግር ብዙ አዩት። ከዚያ ከጉልበታቸው ተነሱና የጨበጡትን እጅ ፈቱት። የለቀሟት ጤፍ ከነአፈሯ መደቡ ላይ ፈሰሰች።