የጋሽ ደምስ እርግጫ

ልጅቷ የግብርና ዲፕሎማ እያላት የእርከን ካብ አሠራር ከጋሽ ደምስ እንድትማር ታዘዘች። ሽማግሌው ፊደል አልቆጠረም፤ ማመስገንም አይወድም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትክብ ትውላለች። ማምሻውን ይመጣና አንዴ በእርግጫ ሲለው ካቡ ተንዶ ቁልቁል ይንከባለላል።

«ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት፣ ጋሼ?» ትለዋለች።

«ዲፕሎማሽን ጠይቂው» ብሏት ይሄዳል።

ሃያ ቀን ናደባት። በሃያ አንደኛው ጠዋት እግሩን ልትሰብር ቆርጣ ተነሳች። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያገላበጠች መረጠች፤ ወደ ተራራው ዘንበል እያደረገች አስቀመጠች፤ ክፍተቱን ሁሉ በጠጠር ወተፈች። እጇ ቢደማም አላረፈችም። ስትክብ የዋለችው የሱን እግር እያሰበች ነው።

ማምሻውን መጣ፤ እንደ ልማዱ ረገጠ። ካቡ ንቅንቅ አላለም። ቀጭ ያለው የጋሽ ደምስ እግር ነው። እዚያው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

የእጁን አገኘ፣ አለች በሆዷ። ልታነሳውም አልሞከረችም።

ሽማግሌው ላብ እያጠመቀው የጎማ ጫማውን አወለቀ። አውራ ጣቱ ማበጥ ጀምሯል። ከጎኑ ያሉት ሦስቱ ጣቶች ድሮ ተሰብረው፣ ጠመው የገጠሙ ናቸው።

«እስከ ዛሬ ያስተማርኩት ሦስት ሰው ነው» አላት ጥርሱን ነክሶ። «አራተኛዋ አንቺ ነሽ።»