ከኮፈኑ ወዲያ

የአምቦ መካኒክ የሞተር ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ካስቸገረው ነቅሎ ይጥለዋል። የፊዚክስ መምህሩ ጂራ ግን በዚህ ነገር ደሙ ይፈላል። ነገ የታመሙትን እናቱን ከሸነን ሊያመጣ ነውና እሑድ ቀትር ላይ አዲሱን ቴርሞስታት ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ራሱ ገጠመ፤ ብሎኖቹን አጥብቆ ራዲያተሩን ሞላ። የተከፈተው የሞተሩ ኮፈን የሾፌሩን ወንበር ጋርዶበታል።

የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ።

“ለንሳ፣ ከቸርች መጣሽ? እስቲ አስነሺው።”

“እሺ” አለ የሚስቱ ድምፅ። ሞተሩ ተነሣ።

“ነዳጅ ስጪው። የሙቀቱ ጠቋሚ የት ደረሰ?”

“መሃል።”

“ካለፈ ንገሪኝ፣ እንዳይፈላብን።”

“አያልፍም፤ ይዤዋለሁ።”

ጂራ በአባባሏ ሳቀ። ወዲያው የውጭው በር ተንኳኳ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሄዶ ከፈተ።

ለንሳ መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛ ቆማለች።

“ይቅርታ ጂራ፣ የመዘምራን ልምምድ አቆየን” አለችው። የሚጮኸውን ሞተር ሰምታ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። “ሞተሩን ማን አስነሣልህ?”

 ከጂራ ኋላ ሞተሩ ጠፋ።

“ጂራ” አለ ከኮፈኑ ወዲያ የለንሳ ድምፅ፣ “ማን መጣብን?”