ስኳሩ ጨመረ

ይማም በቅናት አንጀቱ ካረረ ሰነበተ። ጊዜው መንግሥት ለስኳርና ለዘይት የዋጋ ጣሪያ ያወጣበት የ2003 ዓ.ም. በጋ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ስንቱ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ይማምም ባዶ መደርደሪያውን ታቅፎ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። ማዶ ካለው ከብዙነህ ሱቅ ግን ሰው አይጠፋም። በዚያ ላይ በሩ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ አጽፏል። ይማም ያነበበ ቁጥር ስሙን የጠሩት ይመስለዋል።

«በተመኑ የሚሸጥ ቢሆን እንደኔ በከሰረ ነበር!» ይላል።

ይኼስ ባልከፋ። ሚስቱ አርዋም ወደዚያው ማለት አመጣች። ጧት አንዴ፣ አመሻሽ ላይ አንዴ፣ በጓሮ በኩል ሹልክ! «የዚያን ሰውዬ ደጃፍ እንዳትረግጪ» ብሎ ወላሂ አሰኝቷት ነበር እኮ።

አንድ ጧት ተከተላትና ከጓሮው ቆርቆሮ ላይ ጆሮውን ለጠፈ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ስኳሩ እንደገና ጨመረ» ትላለች አርዋ በሹክሹክታ።

«ባለፈው ወርዶ አልነበር?»

«ወርዶ ነበር። አደራዎን፣ ይማም እንዳይሰማ።»

«እኔ ምን አፍ አለኝ!»

ይማም ጆሮውን ከቆርቆሮው ነቀለ። ተመን ከወጣ ወዲህ ስኳር የሚጨምረው በጓዳ ብቻ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ሚስቱን ወስዶ፣ ደግሞ በእሷው ይነግድ! ቱ! የሴቲቱ ነገር ይብስ የስኳሩ፣ ለራሱም አልታወቀውም።

ከዚያው ወደ ተመን ተቆጣጣሪው ገሰገሰ። «ብዙነህ ስኳር ደብቆ በጓዳ ይሸጣል» አለ። የሚስቱን ስም ዋጠ። ከቀትር በፊት ብዙነህ ወደ ጣቢያ ተወሰደ፤ ሱቁም ሚዛኑ፣ ፍሪጁ፣ ጆንያው ሁሉ እንዳለ ታሸገ። ይማም ያን ቀን ምሳው ጣፈጠው።

አመሻሹ ላይ አርዋ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች።

«የጋሽ ብዙነህ ሱቅ ለምን ታሸገ?»

«ምነው ደነገጥሽ? ወዳጅሽ ነው?»

«መቼ ይከፍቱታል፣ ይማም?»

«ተቆጣጣሪው ቁልፉን ይዞ ደሴ ሄዷል፤ ሳምንት ይቆያል። ይልቅ ያ የደበቃችሁት ስኳር የማን ነው? ተናገሪ!»

አርዋ መደቡ ላይ ዘጭ አለች።

«ስኳሩማ የኔ ነው፣ ደሜ ውስጥ። ሕመምተኛ ናት ብለህ ሌላ እንዳታገባብኝ ፈርቼ እኮ ነው መርፌዬን ከሱ ፍሪጅ ያስቀመጥኩት።»